ዳዊት የተሰቀለበት ሚስማር

«እኛ ሠራተኛ ላክልን አልን እንጂ ሙሽራ ላክልን አላልንም።»

ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ ይፋግ የሚኖሩ አንድ የኔታ ናቸው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፤ መሰላል ተሸክሜ ደጃቸው ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት መብራት ዘርግቻለሁ፤ ከዚያ የባሰም ተብያለሁ። ያችን ቀን ሳወራ ግን ድምፄ ከፍ ይላል። ኩራት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ኩራት ነው።

«ሙሽራ መሰላል ተሸክማ አትመጣም የኔታ» አልኋቸው።

አፌ ይቀድመኛል፤ እናቴ በዚህ ስትቆጣኝ ነው ያደግሁት። የኔታ ግን አልተቆጡም። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «መልስ ታውቃለች። ሥራውንም እንዲሁ ካወቀችው ትግባ» ብለው ከበሩ ዘወር አሉ።

የወረታ ልጅ ነኝ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። እናቴ የሰው ቤት እየመረገችና እየለቀለቀች ነው ያሳደገችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭቃ የማቦካው እኔ፣ እበት የምሰበስበው እኔ። ክረምት በወጣ ቁጥር እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ነበርሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ «ሁለተኛ እጄ ጭቃ አይነካም» ብየ ማልሁ። ቤት ቁጭ ማለት ደግሞ አልችልም። ወረታ ውስጥ የመብራት ሥራ የሚሠሩ ጋሽ ሞላ የሚባሉ ሰው አሉ፤ እሳቸው ዘንድ ሄድሁ። ሁለት ዓመት መሰላል ተሸከምሁላቸው፣ ፒንሳ አቀበልሁ፣ ሽቦ ሳብሁ። ሲቆይ ሥራውንም በእጄ ይሰጡኝ ጀመር። ብቻየን ግን ልከውኝ አያውቁም ነበር።

በዚያ ሳምንት ወባ ጣላቸው። የየኔታን ሥራ ደግሞ ተቀብለዋል፤ ዕቃው ተገዝቶ ይፋግ ገብቷል። ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ፣ «ሂጅና ሥሪው። ካቃተሽ ደውይልኝ። ግድግዳ ግን እንዳትቆፍሪ፤ የጭቃ ቤት አንዴ ከተቆፈረ ማቆሚያ የለውም» አሉኝ።

የየኔታ ቤት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከእኔ ዕድሜ እጥፍ ሳይበልጥ አይቀርም። መብራት የገባለት ከሃያ ዓመት በፊት ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ሽቦው ግድግዳው ላይ በትንንሽ ሚስማር ተይዞ ነበር የተዘረጋው። ከዚያ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ቤቱ ይለቀለቃል፤ ጭቃው ሽቦው ላይ ይመጣል፣ የሚቀጥለው ዓመት ጭቃ ደግሞ እዚያ ላይ። አሁን ሽቦው ግድግዳው ሆድ ውስጥ ነው። የት ገብቶ የት እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል።

ባለቤታቸው እትየ ጥሩ ይባላሉ። እኔ ከመምጣቴ ዓመት ቀደም ብሎ በልቅለቃው ሰሞን ኮረንቲ መታቸው። ወደቁ፤ ክንዳቸው ለሳምንት አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሠራተኞች በየተራ መጥተዋል። «የት ላይ ነው የያዘዎት?» ሲሏቸው፣ «እዚህ፣ በሩ ጥግ» ይላሉ። ሁለቱም በሩ ጥግ ያለውን ሽቦ ቀይረው ሄዱ። እትየ ጥሩ ግን አልተረጋጉም።

«ቤቷ ውስጥ እንደ እንግዳ ሰው በር ላይ ነው የምትቆመው» አሉኝ የኔታ።

ስለዚህ አሁን የቤቱ ሽቦ በሙሉ ሊቀየር ነው። ይህም ካልሆነ የኔታ ቆርጠዋል።

«ዛሬ ካልተስተካከለ ነገ ሰው ጠርቼ ከቆጣሪው ላይ አስቆርጠዋለሁ። ያለ መብራት ያደግን ነን።»

«እርስዎስ በምን ሊያነቡ ነው?» አሉ እትየ ጥሩ ከበሩ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ዐይናቸው ደክሟል፤ በኩራዝ አያዩም። ጧት ጧት ዳዊታቸውን የሚያዩት በዚህ አምፖል ነው» አሉኝ።

«ዳዊት በቃልዎ አይደል እንዴ የኔታ?»

«በቃሌ ነው። እናትሽን በስሟ መጥራትና ፊቷን ማየት ግን አንድ ነው?»

 መሰላሌን አቆምሁ።

መጀመሪያ ከቆጣሪው አጠፋሁ። በቴስተር አየሁት፤ ኮረንቲ የለም። ያሰብሁት የድሮውን ሽቦ ግድግዳው ውስጥ እንደሞተ ትቼ፣ አዲሱን በፕላስቲክ ቱቦ ከላይ፣ በሚታይበት ልዘረጋ ነው። የሚታይ ሽቦ ማንም አይስተውም። የኔታ ሳልጠይቃቸው መጥተው መሰላሉን ያዙ።

«ይተዉት የኔታ፣ አልወድቅም።»

«ብትወድቂ ሞላ ምን ይለኛል? ደግሞ ቱቦሽ ጠሟል።»

«አልጠመመም።»

«ዐይኔ ፊደል አያይም እንጂ ጠማማ ያያል። በቀኝ በኩል ወርዷል።»

ወርጄ ከሩቅ አየሁት። ወርዷል። ነቀልሁና እንደገና መታሁት። ከዚያ በኋላ ሁለታችን ሥራውን ተያያዝነው። እኔ ከላይ እመታለሁ፤ እሳቸው ከታች ሆነው፣ ዜማ የሳተ ተማሪ እንደሚያርሙት ሁሉ፣ በጉሮሯቸው «እህም» ይላሉ። «እህም» ካሉ ጠሟል ማለት ነው።

ምሳ እትየ ጥሩ አቀረቡልን። እሳቸው የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው በሉ።

«ባል አላገባሽም?» አሉኝ።

«አላገባሁም።»

«መሰላሉን ፈርተውሽ ነው» አሉ የኔታ።

«እንኳንም ፈሩ» አልሁ። እትየ ጥሩ ሳቁ። ከጧት ጀምሮ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያየ ነበር።

ከምሳ በኋላ ማብሪያዎቹንና ሶኬቶቹን ገጠምሁ፣ የቤቱን መብራት በሙሉ የሚያቋርጠውን ብሬከር አሰርሁ። ኮረንቲ ቢያመልጥ ወደ መሬት የሚወስደውን ዘንግ ከቤቱ ጀርባ ቀበርሁ፤ ዋልካው ገና እርጥብ ስለነበር አላስቸገረኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስሁ። ከፈትሁት። ሁለቱም ክፍል በራ። የኔታ ቀና ብለው አምፖሉን አዩና፣ «ተመስገን» አሉ።

እዚያች ላይ ክንፍ አውጥቼ ነበር። መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ ቤቱን ዞርሁላቸው። የየኔታ ዳዊት በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ እዚያ ስደርስ ለክብሩ እጄን አንሥቼ አለፍሁት።

«ይኸው እትየ ጥሩ። ከእንግዲህ ቤትዎን እንደ ልብዎ ይንኩት።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ። ከበሩ ግን አልተነቃነቁም።

የኔታ ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሥራሽን አልነቅፍም ልጄ። ግን አላመነችም። እሷ በቤቷ እየፈራች እኔ አምፖል አብርቼ አላነብም። ነገ አስቆርጠዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ብቻየን የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ፣ አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ብሬከር፤ ሁለተኛ ቀኑን ሳያይ ሊቆረጥ። ጋሽ ሞላ ዘንድ ደወልሁ።

«ሥራው ልክ ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ልክ ነው። ሦስት ጊዜ አይቸዋለሁ።»

«እንግዲያ ዕቃሽን ሰብስበሽ ነይ። እኛ ሽቦ እንዘረጋለን እንጂ ሰው አናሳምንም።»

እሽ ብየ ዘጋሁት። እሽ ያልሁት ግን በአፌ ነው። ስልኩን እንደያዝሁ እትየ ጥሩን አየኋቸው። በሩ ጥግ ያለው ግድግዳ ላይ ትከሻቸውን አስደግፈው ቆመዋል። ኮረንቲ መታኝ ያሉበት ቦታ ላይ፣ ምንም ሳይመስላቸው።

የሚፈሩት ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ያን ጊዜ ነው ቤቱን በእናቴ ልጅ ዐይን ያየሁት። ግድግዳው ሁሉ በዚያ መስከረም ተለቅልቋል። እበትና አመዱ የተመጣጠነ ነው፤ የጣቱ መስመር ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። የባለሙያ እጅ ነው። አንድ ቦታ ብቻ፣ ዳዊቱ በተሰቀለበት ሚስማር ዙሪያ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ሳይለቀለቅ ቀርቷል። የፊተኛው ዓመት ጭቃ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ጠርዙ ላይ የጣቶቹ መስመር እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ቆሟል።

ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይዤ ባጠገቡ ስመላለስ አላየሁትም ነበር። ቤት የሚለቀልቅ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ አይተውም። እኔ ብተወው እናቴ በጭቃ እጇ ነበር የምታጮለኝ። ይህ ቦታ እጅ ደክሞት የተወው አይደለም። ፈርቶ የተወው ነው።

«እትየ ጥሩ፣ የሚለቀልቁበት ጭቃ የት ነው?»

«ምን ሊሠራልሽ?»

«ያሳዩኝ እስቲ» ብየ ወደ ጓሮ ይዣቸው ወጣሁ።

ጓሮ ስንደርስ አላድበሰበስሁም።

«የመታዎት በሩ ጥግ አይደለም። ዳዊቱ ጋ ነው።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ማን ነገረሽ?»

«ልቅለቃዎ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ከዓመት በፊት ሲለቀልቁ የኔታ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ዳዊቱን እንደተሰቀለ ትተው ዙሪያውን ለቀለቁ፤ ከኋላው ያለው ሊቀርባቸው ሆነ። እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ከነእበቱ፣ ማንገቻውን ከሚስማሩ ሊያወጡ ሲሉ አንድ ነገር ክንዳቸውን መትቶ ወረወራቸው።

«በእበት እጄ ዳዊት ነካሁ። መታኝ» አሉኝ። «መጽሐፉ ነው የመታኝ ልጄ። ኮረንቲ ነው ያልሁት አፍሬ ነው። ለንስሐ አባቴ አልተናገርሁ። ለእሳቸውማ እንዴት ብየ? ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ገብቼ አላውቅም። ጉልበቴን አመመኝ እያልሁ ከውጭ እሳለማለሁ።»

አይዞዎት ማለት አልሆነልኝም። እንዲህ ያለው ነገር ላይ እኔ አልረባም። የምረባበትን አውቃለሁ።

«ይነሡ» አልኋቸው። «አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ቤት ገብተን የኔታን፣ «ዳዊትዎን ያውርዱልኝ» አልኋቸው። በማንገቻው አንሥተው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ይህን ሚስማር ማን መታው?»

«እኔ ነኝ። ካቻምና። ዐይኔ ሲደክም ከአምፖሉ ሥር ይሁንልኝ ብየ። ምነው?»

«ሲመቱት መብራት ነበር?»

«ያን ሰሞን ጠፍቶ ነበር። ሲመጣ እንዲመቸኝ ብየ ነው ያዘጋጀሁት።»

መሮየን አነሣሁ። ጋሽ ሞላ አትቆፍሪ ያሉትን አልረሳሁትም። በሚስማሩ ዙሪያ ቀስ እያልሁ ቆፈርሁ። ጭቃው እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርቧል። አንዱ ሲነሣ ከሥሩ የሌላ ዓመት ጣት መስመር ይወጣል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣ ሁሉም የእትየ ጥሩ እጅ። አራት ጣት ያህል እንደገባሁ ሽቦውን አገኘሁት። ከአምፖሉ ወደ ማብሪያው የሚወርደው ነው። ሚስማሩ መሐሉን በስቶት አልፏል፤ ዙሪያው ጠቁሯል።

ይህን ማሳየት ብቻ አልበቃኝም። ራቅ በሉ ብየ የድሮውን ሽቦ ለአፍታ ከብሬከሩ ጋር አገናኘሁት። ቴስተሬን ሚስማሩ ራስ ላይ አስነካሁ። በውስጡ ያለችው ቀይ መብራት ቦግ አለች።

«ይህችን ቀይ ያዩዋታል እትየ ጥሩ?»

«አየኋት።»

ብሬከሩን አጠፋሁና ሚስማሩን ነካሁ። የለችም። አበራሁትና ነካሁ። መጣች። ደግሞ አጠፋሁት። የለችም።

«የመታዎት ዳዊት ቢሆን በብሬከር ይጠፋ ነበር?»

የኔታ አጠገቤ መቆማቸው ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።  የኔታ ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ዳዊት መታኝ ብለሽ ነበር?»

«በእበት እጄ ነክቸው ነበር።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ዓመት ሙሉ።»

«ከውጭ የምትቆሚው ጉልበትሽን አሞሽ አልነበረማ።»

 የኔታ ዳዊቱን እንዳቀፉ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ዳዊት እኮ ከበረት የተጠራ ሰው ነው፣ ጥሩ። እበት አይቶ አይቆጣም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። አንችን የመታሁሽም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ እትየ ጥሩ። በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «እሳቸውስ በየቀኑ ሲያወርዱት እንዴት ሳይመታቸው ቀረ?»

«ማንገቻውን ነው የሚይዙት። ደረቅ ቆዳ ኮረንቲ አያሳልፍም። የእርስዎ እጅ ግን እርጥብ ነበር።»

«አየሽ?» አሉ የኔታ። «ጽድቄ አይደለም። ቆዳው ነው።»

እትየ ጥሩ በዚህ ሳቁ። እየሳቁም ከበሩ ለቀው ወደ ውስጥ ገቡ።

የድሮውን ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ቆርጬ ጣልሁት። ሚስማሩን ነቀልሁ። ምንም ሽቦ በሌለበት፣ ከአምፖሉ ሥር፣ የኔታ ጠርበው ያመጡትን የእንጨት ኩላብ መታሁ። ቀጥ ብሎ እንደሆነ ለማወቅ «እህም» እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉም።

እትየ ጥሩ ጭቃ አቡክተው መጡ። በእጃቸው ዘግነው የቆፈርሁት ቦታ አጠገብ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። እኔ ደግሞ ሰው ሲቆም መጠበቅ አልችልም። ከሳፋው ዘገንሁና ቀዳዳው ውስጥ መረግሁት፣ ላዩን በመዳፌ ሳብሁት። ሁለተኛ ጭቃ አልነካም ያልሁት መሐላ እዚያ ላይ ፈረሰ።

«እንዲያ አይደለም» አሉ እትየ ጥሩ። እጄን ገፋ አድርገው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። «ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ።»

«እጅሽ ደግ ነው። ትቸኩያለሽ እንጂ።»

እስከ ጠርዙ ድረስ ለቀለቁት። ሲጨርሱ የትኛው የዛሬ፣ የትኛው የመስከረም እንደሆነ የሚለየው እርጥበቱ ብቻ ነበር። የኔታ ዳዊታቸውን ኩላቡ ላይ ሰቀሉ። መብራቱን ስለማስቆረጥ ማንም አላነሣም።

ዕቃየን ሰብስቤ መሰላሉን ላነሣ ስል የኔታ አንዱን ጫፍ ቀድመው ያዙት።

«ይተዉት የኔታ። የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ያይዎታል።»

«ይየኝ።»

እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ መሰላሉን ይዘን በገበያው መሐል አለፍን። ሩዝ በጆንያ የሚጭኑት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው አዩን። የተቀመጡት እየተነሡ እጅ ነሡ። አንድ ጎልማሳ ከሽንኩርት ክምሩ ጀርባ ሆኖ፣ «የኔታ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የሚሸኙት?» አለ። ሰዉ ሳቀ።

የኔታ እርምጃቸውን ሳይገቱ፣ «ሠራተኛ ናት» አሉ።

ወረታ የሚሄደው መኪና ጋ ስንደርስ ረዳቱ መሰላሉን ተቀብሎ ጣሪያው ላይ አሰረው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻየን ይዘው አነሡኝ። ገባሁና መስኮቱ ጋ ተቀመጥሁ። መኪናው ወደ ወረታ ተነሣ።